ግሱ እስኪመጣ

ተሁለደሬ ውስጥ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ። «ዘንድሮ በልጉም ጠፋ፣ መኸሩም እንደነገሩ ሆነ፣ አንዱን በሬ ሸጥን፣ ሁለተኛውንም ሸጥን፣ ያም ሆኖ እኒህን ልጆች ከትምህርት ቤት አላስወጣናቸውም።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ለእንግዳዋ በሹክሹክታ ወደ እንግሊዝኛ እያስተረጎምኩ ነበር። አንዱ በሬ ሲሸጥ፣ ሁለተኛውም ሲሸጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያወቅሁት መሰለኝና «ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት አስወጣን» አልኩ በእንግሊዝኛ። ግሱ ገና ከአፋቸው አልወጣም ነበር። ሲወጣ በ«አል» ጀምሮ በ«ም» አለቀ። እንግዳዋ ግን የኔን ጽፋዋለች። ወዲያው አረምኩት፣ እሷም ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ያን ቀን ማታ ደሴ ተመልሼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኒያ እናት ሁለት በሬ ሸጠው ያተረፉትን ነገር እኔ በአንድ ቃል ልወስድባቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ላሊበላ ሆናችሁ በማስተርጎም እንጀራ ለምትበሉ ነው። ልትጀምሩ የምታስቡም አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የንግግር እንግሊዝኛዬን እንዴት ላሳድገው?» የተለመደው መልስ ፊልም እይ፣ ዜና ስማ፣ ቃል ሸምድድ ነው። እኔም ዓመታት አድርጌዋለሁ፣ ጠቅሞኛልም። የአስተርጓሚ እንግሊዝኛ የሚያድገው ግን ከአማርኛው በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ከገዛ ሰዎቻችን አፍ መጀመር አለብን።

ለምን መሰላችሁ። የራሳችሁን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ስታወሩ ቃል ቢጠፋባችሁ መንገድ ትቀይራላችሁ። የማታውቁትን ቃል ዞር ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ ሰሚው ምንም አያውቅም። ብዙዎቻችን ጎበዝ የምንመስለው እንዲህ ነው። ፈተና አልፈናል፣ ቃለ መጠይቅ አልፈናል፣ ከቱሪስት ጋር ቀኑን ሙሉ ስቀን ውለናል። ስናስተረጉም ግን መንገዱን የመረጠው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው «በልግ» ካሉ በልግን መዝለል አልችልም። «ዋግ መታው» ካሉ የሰብሉን በሽታ ዋግን፣ «ቅሬው ተሰብስቦ» ካሉ ቅሬን ማለት አለብኝ። የእንግሊዝኛ መማሪያው ሆቴል መያዝና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መጠየቅ ነው ያስተማረኝ። ስለ ቅሬ አላስተማረኝም። «ቅሬ»ን መጀመሪያ ጊዜ ሳስተረጉም «አሶሲዬሽን» ብዬ አለፍኩት፣ እንግዳውም የገበሬ ማኅበር መስሎት ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ። ዛሬ «ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጥ የጎረቤት ማኅበር» የሚለውን በእንግሊዝኛ በአራት ሰከንድ እለዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ «ቅሬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አራት ሰከንዷን ያገኘኋት ቤቴ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ጮክ ብዬ በመናገር ነው።

ልምምዴን ልንገራችሁ። ስልክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ የቀረጽኩት እናቴን ነው፣ አስፈቅጄ። ቡና እየተፈላ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሁለት ደቂቃ እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ ከዚያ እናቴን ሆኜ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። ይህንንም እቀርጻለሁ። ከዚያ ሁለቱን አከታትዬ እሰማለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አስደነገጠኝ። እናቴ ስለ አንድ ሰው ስታወራ ሰውየው አጉረመረመ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አሳበቀ፣ በመጨረሻም አመነ። በኔ እንግሊዝኛ ሰውየው አምስቱንም ጊዜ «ሴድ» ነው። ያ ሁሉ ጸባዩ ጠፍቷል። መስማት ላይ ችግር የለብኝም፣ ማንበብ ላይም የለብኝም፣ «አጉረመረመ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ብትጠይቁኝም ትንሽ አስቤ እነግራችኋለሁ። ችግሩ ቃሉ አፌ ላይ አለመኖሩ ነው። የማውቀው ቃልና የምናገረው ቃል በጣም ይራራቃሉ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ አልጽፍም። ደብተሬ ላይ የሚገባው ቅጂው ውስጥ የጎደለኝ ብቻ ነው። በሳምንት ምናልባት 15 ወይም 20 ግስ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቅጂ መልሼ እሠራዋለሁ፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት እንደገና። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ሳልጠራው ይመጣል። ከእናቴ ቀጥሎ የአማርኛ ሬዲዮ ውይይት፣ የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ የግብርና ባለሙያ ንግግር ጨመርኩ። ሰው ስትቀርጹ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሰው ጉዳይ ያለበትን ቅጂ ደግሞ ተለማምዳችሁ አጥፉት።

ወደ ግሱ ልመለስ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አዎንታውም አሉታውም እዚያው ግስ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከባለቤቱ ቀጥሎ ወዲያው ግስ ይፈልጋል። እኩል እየተከተላችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ እናንተ መናገር ባለባችሁ ሰዓት ተናጋሪው ገና አላለውም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እኩል ለእኩል ማስተርጎም በትልቅ ደረጃ የተሠራበት የመጀመሪያው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1945 የተጀመረው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት ነው። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ጀርመንኛ ነበሩ። ጀርመንኛም በብዙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱን ወደ መጨረሻ ስለሚጥለው አስተርጓሚዎቹ ልክ እንደኛ ግስ ጠባቂዎች ነበሩ። አስተርጓሚዎቹ ዘንድ የመብራት ምልክት ነበራቸው። ቢጫ ሲበራ ተናጋሪው ቀስ ይላል፣ ቀይ ሲበራ ያቆማል። ያን የሚያህል ችሎት በአንድ አምፖል ይቆም ነበር ማለት ነው። እኛ መስክ ላይ መብራት የለንም፣ ግን እጅ አለን። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ለተናጋሪውም ለእንግዳውም እነግራቸዋለሁ፤ እጄን እንዲህ ሳነሳ ትንሽ ያዝ አድርጉልኝ። እስካሁን ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

እንግሊዝኛችን ውስጥም ግስ የሚያስጠብቁ መንገዶች አሉ፣ እነዚህን አፍ ላይ ማስለመድ ነው የላቀ ንግግር የምለው። አንዱ መቆራረጥ ነው። እኒያ እናት በአንድ ትንፋሽ ያሉትን እኔ አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። በልጉ ጠፋ። ነጥብ። መኸሩም ደከመ። ነጥብ። አንድ በሬ ሸጥን። ሌላውንም ሸጥን። «ያም ሆኖ» ሲመጣ ደግሞ «ኢቭን ሶ» ብዬ እቆማለሁ። ሌላው መንገድ ስሙን ቀድሞ ማስቀመጥ ነው። «አስ ፎር ዘ ቺልድረን» ብላችሁ ልጆቹን ካስቀመጣችኋቸው አዎም ይምጣ አይም ይምጣ ገና ምንም አልዋሻችሁም። ሦስተኛው ዝምታ ነው። አንድ ሰከንድ ዝምታ ረጅም ይመስለናል፣ ስለዚህ በ«ኧ» እና በ«ኤንድ» እንሞላዋለን። ቅጂያችሁን ስሙት፣ «ኤንድ» ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሩ። እኔ አንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 19 ቆጥሬአለሁ።

ሌላም የአፍ ልማድ አለ። አስተርጓሚ «እሳቸው የሚሉት» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። እሳቸው «በሬዬን ሸጥኩ» ካሉ የኔም እንግሊዝኛ «አይ ሶልድ ማይ ኦክስ» ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ይከብዳል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ አንቱ የምንላቸው ሰው፣ አጠገባቸው ሆኖ «እኔ» ማለት ድፍረት ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሜ «አባባ፣ እርስዎን ሆኜ ነው የማወራ፣ አይቀየሙኝ» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ «አብሽር ልጄ» ይሉኛል።

አሁን ውጫሌ ልውሰዳችሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን ካለፋችሁ በኋላ ታገኟታላችሁ፣ አምባሰል ውስጥ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ነው። አንቀጽ 17ን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። ኢጣሊያ ደግሞ በራሷ ቅጂ ላይ ተመሥርታ ግዴታ ነው አለች፣ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላም ለዓለም አስታወቀች። የዚህ ክርክር መጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነበር። እዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ስለ አንዲት ረዳት ግስ ነው። መቻልና መገደድ።

ዛሬ እኛ በየስብሰባው የምንይዘው ይህንኑ ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ሲጠይቅ ለስለስ አድርጎ ነው። «ቢታሰብበት ጥሩ ነበር» ይላል አንድ ሽማግሌ። ቃል በቃል ካስተረጎማችሁት እንግዳው ቀላል አስተያየት ነው ብሎ ይጽፈዋል። ግን ሽማግሌው ሦስት ዓመት የለመኑት ውኃ ነው፣ ድምፃቸውም ከብዷል፣ ሰዉም ሁሉ ዝም ብሎ እየሰማ ነው። እዚያ ጋ «ኢት ውድ ቢ ናይስ» ማለት ክብደቱን መጣል ነው። «ማስት» ማለትም እሳቸው ያላሉትን ቁጣ መጨመር ነው። እኔ «ዊ ሪሊ ኒድ ዩ ቱ ሉክ አት ዚስ» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። በተቃራኒው በኩል እንግዳው «ዊ ማይት ቢ ኤብል ቱ ሄልፕ» ሲል ብዙዎቻችን «እንረዳችኋለን» እንላለን። ይህ አደገኛ ነው። ሰው ቃል ተገባልኝ ብሎ ይጠብቃል። «ምናልባት ልንረዳችሁ የምንችልበት መንገድ ይኖር ይሆናል» ነው። ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ግን ያለው ይህን ነው። «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ሹድ»፣ «ሻል»፣ «ማስት»፣ «ሃቭ ቱ»፤ በየእያንዳንዱ የራሳችሁን አካባቢ ዓረፍተ ነገር ሥሩና ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ። ሰዋስው መጽሐፍ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ማወቅ አፍን አይታደግም።

ስለ አነጋገር ዜማ ብዙ አልልም። የፈረንጅ ቅላፄ ለማምጣት አትድከሙ፣ ቅላፄያችሁ ወሎዬ ቢሆን ማንም አይጎዳም። የሚጎዳው ጫናው ሲሳሳት ነው። በአማርኛ «ዋና» ስናጠብቀውና ስናላላው ትርጉሙ እንደሚቀየር ሁሉ፣ ፊደሉም እንደማይነግረን ሁሉ፣ እንግሊዝኛም የማይጻፍ ጫና አለው። «አግሪካልቸር» ስትሉ መጀመሪያው ላይ ትጫናላችሁ፣ «አግሪካልቸራል» ሲሆን ጫናው ወደ «ካል» ይሄዳል። «ኢኮኖሚ» ላይ «ኮ»፣ «ኢኮኖሚክ» ላይ «ኖ»። የባቲን ቅኝት ከአምባሰል ቅኝት የለየነው በጆሯችን ነው፣ አንብበን አይደለም። ይህም እንደዚያው ነው። በቀን አሥር ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢን እግር በእግር እየተከተላችሁ ድገሙ። ከዚያ በላይ ግን አልመክርም፤ መድገም ብቻ ሲሆን ትርጉሙን ሳታስቡ ድምፁን ብቻ መኮረጅ ትጀምራላችሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ»። 15 ኩንታልና 50 ኩንታል አንድ አይደሉም። ከተጠራጠራችሁ «ዋን ፋይቭ» ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ሰዓትና ዘመን። «ነገ ሦስት ሰዓት» ናይን ነው፣ «ከቀኑ ስምንት» ደግሞ ቱ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሲደክመን ያመልጠናል። ዓመተ ምሕረት ይበልጥ ያስቸግራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ገበሬው «በ2008 ድርቁ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ» ሲል እዚያው እየተናገራችሁ 2016 ማለት አለባችሁ። እኔ መንገድ ላይ በቃሌ እለማመዳለሁ። ሚኒባሱ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በየመጠምዘዣው አንድ ቀን አስባለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛው እቀይራለሁ። ጥማድንም እንዲሁ። በእኛ አካባቢ አራት ጥማድ እንደ አንድ ሄክታር ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ «ሁለት ጥማድ» ሲባል «ሃፍ ኤ ሄክታር» አፍ ላይ መዘጋጀት አለበት።

ሐኪም ጋ ስታስተረጉሙ ግን ፍጥነትን እርሱት። አንዲት እናት «ልቤን ያመኛል» ካለች «ሃርት» ብላችሁ አትሩጡ። እጇን የት ላይ እንዳደረገች እዩ። ብዙ ጊዜ እጇ ያለው ከደረቷ አጥንት በታች፣ ጨጓራዋ ላይ ነው። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ለሐኪሙ በግልጽ እነግረዋለሁ፤ ቃሉ ልብ ነው፣ በእኛ አነጋገር ግን የሆድ የላይኛው ክፍል ሊሆን ይችላል፣ እባክህ ጠይቃት። ይህን ራሱን በእንግሊዝኛ አጭርና ንጹሕ አድርጎ መናገር ልምምድ ይፈልጋል። ማቋረጥም፣ ማስረዳትም፣ ይቅርታ መጠየቅም የራሳቸው ዓረፍተ ነገር አላቸው። ዝግጁ ሆነው አፍ ላይ ካልተቀመጡ በዚያ ሰዓት አይመጡም።

ደግሞ ወሎ ላይ የሚሠራ ሰው ሊሸሸው የማይችለው አንድ ቃል አለ። ረሃብ። በአማርኛ ምሳ ሳልበላ ስቀርም ረሃብ ነው፣ የ66ቱም ረሃብ ነው፣ የ77ቱም ረሃብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሃንገር» እና «ፋሚን» በጣም ይራራቃሉ። የእርዳታ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የምግብ ዋስትና ምደባ አምስት ደረጃ አለው፣ አንድ አካባቢ «ፋሚን» ገባበት የሚባለው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሰውየው «ረሃብ ገብቷል» ሲል እኔ «ፋሚን» ብል እንግዳው ቴክኒካዊ ቃል ነው የሚሰማው። «ሃንገር» ብል ደግሞ የሰውየው ፊት ላይ ያየሁት ነገር አይተላለፍም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። «ሃንገር ሃዝ ካም ቱ አወር ሃውስስ» እላለሁ። ቤታችን ገባ። «እንደ 77ቱ ነው» ካሉ ግን «ፋሚን» ነው የምለው፣ ምክንያቱም ያንን ቃል የመረጡት እሳቸው ናቸው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ አላገኘሁም፣ የተማርኩት ያን ጊዜ ያዩ ሰዎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ብቻችሁን አትለማመዱ፣ ይህንንም ልጨምር። ትልልቅ ጉባኤዎች ላይ ቡዝ በሚባለው የአስተርጓሚዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ጥንድ ሆነው ነው፣ ግማሽ ሰዓት ግድም እየተፈራረቁ፤ አእምሮ ከዚያ በላይ አይችልም። እኔም አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት እንገናኛለን። እሷ አማርኛ ታወራለች፣ እኔ እከተላታለሁ፣ ከዚያ እንለዋወጣለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ የሰዋስው ስሕተት አንነጋገርም። «ያልኩትን አልክ ወይ?» ብቻ ነው የምንጠያየቀው። መጀመሪያ ላይ ከአሥር ጊዜ ስድስቱን «አላልክም» ትለኝ ነበር። ያን ዓመት ከማንኛውም ስልጠና የበለጠ ያሻሻለኝ የሷ «አላልክም» ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ላይ የተሸነፍንበት ቃል አለ። ልጇን አረብ አገር የሸኘች እናት የተናገረችው ነው። «በዓል ሲመጣ ሆድ ይብሰኛል» አለች። «ሳድ» አይደለም። «ሎንሊ» ቀርቦ ይመለሳል። «አይ ሚስ ኸር» የሷን እንጂ የሆድን ነገር አይዝም። አራት ዓረፍተ ነገር ሠራን፣ አራቱንም ባልደረባዬ «አላልክም» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ እንግሊዝኛ ያገኛችሁለት ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ሐሙስ ተመልሰን እናትየዋ ቤት እንሄዳለን።